ካቢን ውስጥ ነገር ሲበላሽ፦ ለአዲስ ሆስተሶች የኢመርጀንሲ አሠራር ደረጃ በደረጃ

ትሬኒንግ ጨርሳችሁ የመጀመሪያ በረራችሁን የምትጠብቁ ልጆች ሁሌ የምትጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው፣ "የምር ኢመርጀንሲ ቢመጣ እችለዋለሁ ወይ?" ይሄን የምጽፈው ለዛ ጥያቄ ነው። ማኑዋሉን ይተካል ብዬ አይደለም፣ የድርጅታችሁ ማኑዋል ከኔ ቃል ይበልጣል፣ የበሩ እጀታም የሚጮኸው ቃልም ከአውሮፕላን አውሮፕላን ከድርጅት ድርጅት ስለሚለያይ ሁሌም የናንተን ያዙ። እኔ የምነግራችሁ ማኑዋሉ ላይ ያለው ነገር ለምን እንደዛ እንደሆነና ሰው የት ላይ እንደሚሳሳት ነው። ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር። ስራችን ከበር እስከ በር ትህትና ነው። "እባክዎ"፣ "ይቅርታ"፣ "ምን ላምጣልዎ"፣ ድምፃችን ዝቅ ያለ ፊታችን ፈገግ ያለ። ኢመርጀንሲ ሲመጣ ደግሞ ያንን ድምፅ ወዲያው ጥለን ሌላ ድምፅ ማውጣት አለብን፣ እና ብዙ አዲስ ልጅ የሚቸገረው በሩን መክፈት አቅቶት ሳይሆን እዚህ ጋ ነው። እኔ ራሴ ትሬኒንግ ላይ ጭስ የተሞላ ሞክ አፕ (ለልምምድ የተሠራ የአውሮፕላን ካቢን) ውስጥ በሩን በትክክል ከፍቼ "እባካችሁ በዚህ በኩል ውጡ" ስል አሰልጣኟ ሁሉንም ነገር አስቁማ "ማን ሰማሽ?" አለችኝ። ዞር ስል ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ ያለው ሰው ጭራሽ አልተነሳም። በ1985 ማንቸስተር ላይ በተቃጠለ አውሮፕላን ውስጥ 55 ሰው በአብዛኛው በጭስ ካለቀ በኋላ እንግሊዝ ሀገር ክራንፊልድ ላይ ሰው እየተቀጠረ ብዙ የመውጣት ሙከራ ተደርጓል፣ እዛ ላይ የታየው ነገር በር ላይ ቆሞ በኃይል የሚያዝ ክሩ (የአውሮፕላን ሰራተኛ) ሲኖር ሰው ቶሎ እንደሚወጣ፣ ለስለስ ያለ ክሩ ሲሆን ግን እንደሚዘገይ ነው። ስለዚህ የትህትናው ድምፅ ለሰርቪስ ነው፣ ለጭስ አይደለም፣ ከታች የምለው ሁሉ በዚህ ዓይን ይነበብ።

ከመነሳታችን በፊት

መቀመጫችሁ ጋ ያለውን ዕቃ በዓይን አይታችሁ አትለፉ፣ በእጃችሁ ንኩት። የእሳት ማጥፊያው መርፌ አረንጓዴው ላይ ነው ወይ፣ ማህተሙ አልተነሳም ወይ፣ የስሞክ ሁዱ (ከጭስ የሚከላከለው የራስ መሸፈኛ) ማሸጊያ አልተቀደደም ወይ፣ የኦክስጅን ጠርሙሱ ግፊት በቂ ነው ወይ፣ ባትሪው ይበራል ወይ፣ ሜጋፎኑ ድምፅ ያወጣል ወይ። በእጃችሁ ንኩት የምለው ጭስ ውስጥ ዓይን ስለማይሰራ ነው። አንድ ጊዜ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ከጃምፕ ሲታችሁ (ከክሩ መቀመጫ) ተነስታችሁ ማጥፊያው ጋ እጃችሁ ይደርስ እንደሆነ ሞክሩት፣ አምስት ሰከንድ ነው የሚፈጀው። ሜጋፎንን ደግሞ ብዙ ሰው ይንቃታል፣ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

ሰው ሲገባ "እንኳን ደህና መጡ" እያላችሁ አብራችሁ ቁጠሩ። ጠንካራ ጎረምሳ የት ተቀመጠ፣ ብቻዋን ሁለት ሕፃን ይዛ የገባችው እናት የት ናት፣ ከስራ ውጪ የሚጓዝ ክሩ አለ ወይ፣ ወታደር ወይ የእሳት አደጋ ሰራተኛ ነኝ ያለ አለ ወይ። ረዳት ስትፈልጉ ያኔ ከዜሮ እንዳትጀምሩ። ኢመርጀንሲ በር አጠገብ የተቀመጡትን ደግሞ ዝም ብላችሁ ካርዱን አንብቡ ብላችሁ አትለፉ፣ ቁጭ ብላችሁ መቼ እንደሚከፍቱ መቼ እንደማይከፍቱ ንገሯቸው።

ከዛ ጃምፕ ሲት ላይ ቀበቶ አስራችሁ ስትቀመጡ ሳይለንት ሪቪው የሚባለው 30 ሰከንድ አለ። ከተነሳን በኋላ ያሉት 3 ደቂቃዎችና ከማረፋችን በፊት ያሉት 8 ደቂቃዎች አብዛኛው አደጋ የሚደርስባቸው ስለሆኑ በነሱ ሰዓት ስለ ሆቴልና ስለ ሺፍት አይወራም። በጭንቅላታችሁ ይሄን ዙሩት፦ የተቀመጥኩበት በር የትኛው ነው፣ እጀታው ወዴት ነው የሚዞረው፣ ስላይዱ (በር ላይ የሚነፋው መንሸራተቻ) አርም ሆኗል ወይ፣ ማለትም በሩ ሲከፈት ራሱ እንዲነፋ ተዘጋጅቷል ወይ፣ በሩ እምቢ ቢለኝ ቀጣዩ በር የት ነው፣ የመጀመሪያ ቃሌ ምንድነው፣ ማን ይረዳኛል። የመጀመሪያዋን ቃል በልባችሁ በሉት። ያላሰብነው ቃል በጭንቅ ሰዓት ከአፍ አይወጣም፣ ያሰብነው ግን ሳናውቀው ይወጣል።

ለኮክፒት (ለፓይለቶቹ ክፍል) መንገር

በ1989 እንግሊዝ ሀገር ኬግዎርዝ የወደቀው ቦይንግ 737 ላይ የተበላሸው የግራ ሞተር ነበር፣ ፓይለቶቹ ያጠፉት ግን የቀኙን ነው። ካፒቴኑ በስፒከር ችግሩ የቀኝ ሞተር ላይ እንደሆነ ሲናገር ከኋላ ከግራው ሞተር እሳት ሲወጣ ያዩ ሰዎች ነበሩ፣ ካቢን ክሩም ውስጥ ያዩ ነበሩ፣ ማንም ግን ወደ ኮክፒት አልደወለም። 126 ሰው ከነበረበት 47 ሞተ። በዛው ዓመት ድራይደን ካናዳ ላይ ክንፉ ላይ በረዶ እያለ የተነሳው አውሮፕላን ላይም ሆስተሷ በረዶውን አይታ ነበር፣ አልተናገረችም፣ 24 ሰው ሞተ። እነዚህን ሰዎች ለመውቀስ አይደለም የማነሳው፣ ያኔ የነበረው ባህል ፓይለት ያውቃል የሚል ነበር። ፓይለቱ ግን ክንፉን ከመቀመጫው በደንብ አያይም፣ ጭሱም መጀመሪያ እሱ ጋ አይደርስም። ዓይኑ እኛ ነን።

ስለዚህ ያያችሁት ነገር ከተጠራጠራችሁ ደውሉ። ኮክፒት ዝም ይባላል የሚለው ደንብ ከ10,000 ጫማ በታች ለማይረባ ወሬ ነው እንጂ ለደህንነት አይደለም፣ ለእሳት፣ ለጭስ፣ ለሚያስፈራ ድምፅ በማንኛውም ሰዓት ይደወላል። ስትደውሉ ደግሞ "እሳት አለ!" ብላችሁ አትዝጉ። ማን እንደሆናችሁ፣ የት እንደሆነ፣ ምን እንዳያችሁ፣ ምን እያደረጋችሁ እንደሆነ። ለምሳሌ፦ "ከኋላ ግራ ነው፣ የግራው ሽንት ቤት ጭስ አለው፣ ጥቁር ነው፣ ከቆሻሻ መጣያው በኩል ነው፣ አንድ ሃሎን ተረጭቷል፣ ነበልባል አላየንም፣ ስልኩን አልዘጋም።" ሃሎን የእሳት ማጥፊያው ጋዝ ነው። ያያችሁትንና የገመታችሁትን ለዩት። "ግራ" ስትሉም ወደ ፊት ዞሮ እንደተቀመጠ ሰው ግራ ማለት ነው፣ እናንተ ወደ ኋላ ዞራችሁ ቆማችሁ ከሆነ ግራና ቀኛችሁ ይገለበጣል፣ ይሄ ቀላል ይመስላል ግን ብዙ ሰው ይሳሳትበታል።

እሳትና ጭስ

ከሁሉም ረዘም አድርጌ የምጽፈው ይሄንን ነው ምክንያቱም አየር ላይ ሳለን እሳት ሲነሳ የምንሸሽበት ቦታ የለም። በ1998 ስዊስኤር 111 ላይ ፓይለቶቹ መጀመሪያ ሽታ ከሸተታቸው ጀምሮ አውሮፕላኑ ባህር እስኪገባ 20 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው ያለፈው፣ 229 ሰው ሞተ። ከዛ ውስጥ ስንት ደቂቃ ለማመንታት እንደሚበቃ አስቡት።

ሦስት ስራ በአንድ ጊዜ ነው የሚሰራው፣ በተራ አይደለም። እሳቱን ያየው ሰው እዛው ይዋጋል። ሁለተኛው ወደ ኮክፒት ደውሎ መስመሩ ላይ ይቆያል። ሦስተኛው ተጨማሪ ማጥፊያና ስሞክ ሁድ ያመጣል፣ ሰው ያርቃል፣ አካባቢው ያለ የኦክስጅን ጠርሙስ ያነሳል። ብቻችሁን ከሆናችሁ መጀመሪያ ሰው ጥሩ፣ ከዛ ማጥፊያ አንሱ፣ መጥራት ሁለት ሰከንድ ነው።

የሽንት ቤት ጭስ ሲሆን፦

1. በሩን ቶሎ አትክፈቱ። በእጃችሁ ጀርባ በሩን ከታች ወደ ላይ ንኩት። መዳፍ ሳይሆን የእጅ ጀርባ፣ መዳፍ ቢቃጠል ማጥፊያ አትይዙበትም።

2. ካልጋለ ስሞክ ሁዱን አጥልቃችሁ ማጥፊያውን ይዛችሁ ጎንበስ ብላችሁ ቀስ አድርጋችሁ ክፈቱ፣ ሰው ውስጥ ወድቆ ሊሆን ይችላል። መጣያውን፣ ከማጠቢያው ስር፣ ከመቀመጫው ጀርባ ፈልጉ።

3. ከጋለ አፈሙዙ ብቻ የሚገባበትን ያህል ገርበብ አድርጉ፣ ሃሎኑን ልቀቁ፣ ዝጉ። አየር ካስገባችሁለት እሳቱን መገባችሁት ማለት ነው። ትንሽ ቆይታችሁ ድገሙ።

4. ጠፋ ብላችሁ አትሂዱ። አንድ ሰው እዛው ይቁም፣ እስክናርፍ ድረስ በየጥቂት ደቂቃው ይንካ።

አራተኛውን ለምን እንደማጠብቀው ልንገራችሁ። በ1983 ኤር ካናዳ 797 ላይ የኋላ ሽንት ቤት ውስጥ ጭስ ታየ፣ ክሩዎቹ የእሳት ማጥፊያ ረጩበት፣ ከግድግዳው ጀርባ ያለውን እሳት ግን ማንም አላየውም፣ ኮክፒት ውስጥ የደረሰው ወሬ ጭሱ እየቀነሰ ነው የሚል ነበርና ወደ ታች መውረዱ ደቂቃዎች ዘገየ። ሲንሲናቲ አረፉ፣ በሮቹ ተከፈቱ፣ አየር ገባ፣ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ካቢኑ በሙሉ በአንዴ ተቀጣጠለ። ከ46 ሰው 23 አልወጣም። ዛሬ ሽንት ቤት ውስጥ ያለው የጭስ ጠቋሚና ወለሉ ላይ ያለው መብራት ከዚህ አደጋ በኋላ በደንብ የገቡ ናቸው። ከኛ በኩል ያለው ትምህርት ደግሞ "ተሻሽሏል" የሚባለው የእሳቱን መነሻ በዓይናችን አይተን ስናጠፋው ብቻ ነው የሚለው ነው። መነሻውን ካላያችሁ ለካፒቴኑ "መነሻውን አላገኘንም" በሉት፣ ይሄ ቃል አውሮፕላኑን ቶሎ ያስወርደዋል። ካፒቴኑን ላለማስጨነቅ ብላችሁ አታለስልሱ፣ እዚህም ላይ ያው የትህትና ነገር ነው የሚጎዳን።

የሰርኪት ብሬከር (ኤሌክትሪክ ሲበዛ የሚቆርጠው ማብሪያ ማጥፊያ) ነገርም አለ፣ ጋሊ (የአውሮፕላኑ ኩሽና) ውስጥ የዘለለ ብሬከር ካያችሁ ራሳችሁ መልሳችሁ አትጫኑ፣ ተናገሩ። ኦቨን ውስጥ እሳት ከሆነ ደግሞ በሩን ሳትከፍቱ ኤሌክትሪኩን አጥፉለት፣ ብዙ ጊዜ አየር አጥቶ ራሱ ይጠፋል።

ባትሪ

አሁን አሁን ከሽንት ቤት ሲጋራ ይልቅ የሚያሳስበኝ ስልክና ፓወር ባንክ ነው። ሊቲየም ባትሪ ሲበላሽ አንዱ ሴል ጋሎ ጎረቤቱን ያግላል፣ ጎረቤቱም ቀጣዩን፣ ስለዚህ ነበልባሉ ጠፋ ማለት ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም።

መጀመሪያ ሰዎቹን ከመቀመጫው አስነሱ። ነበልባል ካለ ሃሎን፣ ነበልባሉን ለመምታት ብቻ። ከዛ ወዲያው ውሃ፣ ብዙ ውሃ፣ ውሃ ካለቀ አልኮል የሌለው ማንኛውም መጠጥ። ውሃው የሚፈለገው ለማቀዝቀዝ ነው። በረዶ አታድርጉበት፣ ብርድ ልብስ አትጣሉበት፣ ሙቀቱን አፍኖ ይይዘዋል፣ ሌላውን ሴል ያስነሳል። እየጨሰ እያለ በእጃችሁ አታንሱት፣ ፊታችሁ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። የመቀመጫውን ኤሌክትሪክ አስጠፉ። ስልኩ መቀመጫ ውስጥ ወድቆ ከሆነ ተሳፋሪው ለመፈለግ መቀመጫውን ወደ ኋላ ወደ ፊት እንዳያንቀሳቅስ፣ መቀመጫው ነው ስልኩን የሚጨፈልቀው፣ ያኔ ነው የሚጀምረው። ከቀዘቀዘ በኋላ ውሃ ያለበት ዕቃ ውስጥ አድርጋችሁ እስክታርፉ ሰው መድቡበት። ተሳፋሪው "ስልኬ!" ብሎ ይጮኻል፣ ይጩህ።

የአየር ግፊት ሲጠፋ

እዚህ ላይ ያለው ትልቅ ስህተት ደግነት ነው። 35,000 ጫማ ላይ ካቢኑ አየር ቢያጣ በትክክል የምናስብበት ጊዜ ቢበዛ ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ነው፣ በድንገት ከሆነ ከዛም ያንሳል፣ 40,000 ላይ 20 ሰከንድም አይሞላም። ስለዚህ ማስክ ሲወርድ ቅርብ ያለውን ማስክ ያዙ፣ አጥልቁ፣ ቁጭ በሉ ወይ ወለሉ ላይ ሁኑና የሆነ ነገር ያዙ። ትሮሊውን አትመልሱ፣ ሕፃኗን አይታችሁ አትሩጡ፣ ጃምፕ ሲታችሁ አምስት ረድፍ ይርቃል ብላችሁ አትሂዱ። ሁለት ተሳፋሪ መሀል ገብታችሁ መቀመጥ ካለባችሁ ተቀመጡ፣ ለአንድ ረድፍ ከተሳፋሪው ቁጥር የሚበልጥ ማስክ የሚወርደው ለዚህም ነው። የወደቀች ሆስተስ ማንንም አትረዳም።

ከተቀመጣችሁበት በምልክት አሳዩአቸው፦ ሳቡ፣ አፍና አፍንጫ ላይ፣ መጀመሪያ ራስ ከዛ ልጅ። በ2018 ሳውዝዌስት 1380 ላይ ከውስጥ የተነሳው ፎቶ ላይ ብዙ ሰው ማስኩን አፉ ላይ ብቻ አድርጎ አፍንጫውን ትቶት ይታያል፣ ስለዚህ ዴሞ (ከበረራ በፊት ለተሳፋሪ የሚደረገውን ማሳያ) ስታሳዩ አፍንጫችሁን በጣታችሁ ጠቁሙ። ብዙ አውሮፕላን ላይ ማስኩ ሲሳብ ነው ኦክስጅኑ የሚጀምረው፣ ከረጢቱ ባይነፋም አየሩ አለ፣ የማቃጠል ሽታ ቢሸታም ከኦክስጅን ማመንጫው ሙቀት ሊሆን ይችላል። የሚቆየው ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ገደማ ነው፣ እስከዛ ፓይለቶቹ ወደ 10,000 ጫማ ይወርዳሉ።

ሁሌም በፍንዳታ አይመጣም ግን። ቀስ እያለ የሚፈስ አለ። በር ጋ የሚያፏጭ ድምፅ፣ ጆሮ መደፈን፣ ራስ ምታት፣ ጥፍር መጥቆር፣ ያለምክንያት መሳቅ። በ2005 ሂሊዮስ 522 ላይ ካቢን ውስጥ ማስኩ ወርዶ አውሮፕላኑ ግን መውጣቱን ቀጠለ፣ ፓይለቶቹ ራሳቸውን ስተው ነበር፣ 121 ሰው ሞተ። ስለዚህ ይሄን ሕግ ያዙ፦ ማስክ ወርዶ አውሮፕላኑ ካልወረደ የሆነ ነገር ተበላሽቷል፣ ማስካችሁን እንዳደረጋችሁ ኮክፒት ደውሉ፣ ካልመለሱ ቶሎ በተንቀሳቃሽ ኦክስጅን ወደዛ የሚሄድ ሰው መኖር አለበት፣ የበሩ የኢመርጀንሲ ኮድም በቃል ይታወቅ።

ካፒቴኑ መነሳት ትችላላችሁ ሲል ብቻ ተንቀሳቃሽ ጠርሙስ ይዛችሁ ተነሱ። መጀመሪያ ክሩ ባልደረባችሁን፣ ከዛ ሽንት ቤቶቹን፣ ከዛ ሰዉን።

ስለ ታርቡላንስ (የአየር መናወጥ) የምለው አጭር ነው። ከባድ ከሆነ ትሮሊውን ባለበት ብሬክ ያዙት፣ ትኩስ ነገር ወለል ላይ አውርዱ፣ ቅርብ ያለ መቀመጫ ላይ ቁጭ ብላችሁ እሰሩ፣ ቀበቶ የሚያረጋግጥ ሰው አትሁኑ፣ በድምፅ እዘዙ። ከሁሉም በላይ በታርቡላንስ የሚሰበረው ቆሞ የሚሰራው ሰው፣ ማለትም እኛ ነን።

ካፒቴኑ ቀድሞ ሲነግረን

አንዳንዴ ጊዜ አለ። ጎማ አልወርድ ብሎ ለምሳሌ። ካፒቴኑ ፐርሰሯን (የካቢን ክሩ ኃላፊዋን) ይጠራና አራት ነገር ይነግራታል፦ ችግሩ ምንድነው፣ ምን ሊያደርግ ነው፣ ስንት ደቂቃ አለን፣ የተለየ ትእዛዝ አለ ወይ። ፐርሰሯ መልሳ ትደግምለታለች፣ ሰዓት ያስተካክላሉ። ሳይደገም የተሰማ ነገር እንዳልተሰማ ቁጠሩት፣ "ውሃ ላይ" እና "መሬት ላይ" የሚለው ሳይገባ ወደ ካቢን የወጣች ፐርሰር ጠቅላላ ዝግጅቱን ታበላሻለች።

ከዛ ካቢን። ጊዜ ካነሰ ቅደም ተከተሉ፦ ጋሊ መቆለፍ፣ ቀበቶ፣ ብሬስ (ለምቱ ሰውነትን ማዘጋጀት)፣ በር ማሳየት። ጊዜ ከተገኘ ታኮ ጫማ ማስወለቅ፣ ስለታም ነገር ከኪስ ማስወጣት፣ ረዳቶችን መምረጥ። ረዳት ስትመርጡ ምን እንደሚያደርግ በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሩትና አስደግሙት፦ "እኔ ከወደቅኩ በሩን እንዲህ ትከፍታለህ፣ ከስር ወርደህ ሰው ትቀበላለህ።" ማታ ከሆነ መብራት ደብዘዝ ይደረግ፣ ውጪ ስንወጣ ዓይን እንዲለምድ።

ብሬስ፦ ቀበቶ ሆድ ላይ ሳይሆን ዳሌ ላይ ጥብቅ፣ ጭንቅላት ወደ ፊት ወንበር፣ እጅ ጭንቅላት ላይ አንዱ በአንዱ ላይ፣ ጣት አይቆለፍም፣ እግር ወለሉ ላይ ወደ ኋላ ሳብ። እናንተ ወደ ኋላ ዞራችሁ ከተቀመጣችሁ ጭንቅላታችሁን ወንበሩ ላይ አስደግፉ፣ ወደ ፊት ከሆነ አገጭ ደረት ላይ። አውሮፕላኑ ሙሉ በሙሉ እስኪቆም ብሬስ ላይ ቆዩ፣ አንዳንዴ ሁለተኛ ምት አለ።

መውጣት

አውሮፕላን ፈቃድ የሚያገኘው ሞልቶ፣ ግማሽ በሮቹ ተዘግተው፣ በጨለማ፣ ሰው በ90 ሰከንድ መውጣት እንደሚችል ሲታይ ነው። ኤ380 በ2006 ሲፈተን 873 ሰው በ78 ሰከንድ ወጥቷል። ግን ያ ፈተና ነው፣ ጭስ የለም፣ የሚያለቅስ ልጅ የለም፣ ሻንጣ የለም።

አብዛኛውን ጊዜ ውጡ የሚለው ካፒቴኑ ነው። አውሮፕላኑ ከቆመ በኋላ ትንሽ ጠብቁ፣ ኮክፒት ሞተር እያጠፋ ነው። በ2016 ቺካጎ ላይ አሜሪካን 383 ሲቃጠል የግራው ሞተር ገና እየሰራ ሰው ወርዶ አንዱን የሞተሩ ንፋስ ጥሎት ከባድ ጉዳት ደርሶበታል፣ ክሩና ኮክፒት በስልክ መገናኘት አልቻሉም ነበር። በሌላ በኩል ካቢን ውስጥ እሳት ካለ፣ ውሃ እየገባ ከሆነ፣ አካሉ ከተሰበረ፣ ኮክፒት ካልመለሰ ደግሞ የምትጀምሩት እናንተ ናችሁ፣ ፈቃድ የሚጠበቅበት ሰዓት አይደለም።

በሩ ጋ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦

መጀመሪያ በመስኮት ውጪ እዩ። እሳት፣ ጭስ፣ ስባሪ ብረት፣ የውሃ ከፍታ፣ የሚዞር ሞተር። እሳት ካለ በሩ ሞቷል፣ አትክፈቱት። ማንቸስተር ላይ ነፋሱ እሳቱን ወደ አውሮፕላኑ አካል ገፍቶት ነበር፣ ስለዚህ እሳቱ የት እንዳለ ብቻ ሳይሆን ወዴት እየሄደ እንደሆነም እዩ።

አርም መሆኑን እዩ፣ ክፈቱ፣ በሩ እስኪቆለፍ ግፉ፣ ስላይዱን በእጅ የሚነፋውን እጀታ ሳቡ፣ ራሱ ቢነፋም ሳቡት። አንድ እጃችሁ የግድግዳው እጀታ ላይ ይሁን፣ ከኋላ የሚገፋ ሰው ይዟችሁ እንዳይወርድ። ስላይዱ ተነፍቶ ቀጥ እስኪል በሰውነታችሁ መንገዱን ዝጉ።

አሁን ድምፅ። ቃሉ አጭር ይሁን፣ ሁለት ቃል፣ ሦስት ቃል፣ ትእዛዝ። "ቀበቶ ፍቱ! ሻንጣ ተዉ! በዚህ ኑ! ዝለሉ!" አንቱታ የለም፣ "ቢዘሉ" የለም፣ አባታችሁን የሚያክል ሰው ቢሆንም "ዝለል!" ነው። መጮህ ስድብ አይደለም፣ በጭንቀት ሰዓት ሰው ጆሮው ይዘጋል፣ የሚገባው አጭርና የተደጋገመ ቃል ብቻ ነው። አንዳንዱ በሩ ላይ ደርሶ ይደርቃል፣ ቁልቁል ያይና እግሩ እምቢ ይለዋል። ከጀርባው ግፉት። አንድ ሰው ሁለት ሰከንድ ሲቆም ከኋላው ያለው ጭስ ውስጥ ነው የሚቆመው።

ሻንጣ ላይ አትከራከሩ። መውሰድ ብትጀምሩ የምትጥሉበት ቦታ የለም፣ በሩ ጋ ተራራ ይሆናል፣ ስለዚህ "ሻንጣ ተዉ" የሚለው በሩ ላይ ሳይሆን ሰው ከመቀመጫው ሲነሳ ነው በደንብ መጮህ ያለበት።

ስላይዱ ቢፈነዳ ወይ እሳት ቢመጣ በሩ ላይ እጃችሁን ዘርግታችሁ ዝጉት፣ "ይሄ በር አይሰራም! ወደዛ!" በሉ፣ እጃችሁም ይጠቁም። ጥሩ የነበረ በር በአንድ ደቂቃ ውስጥ መጥፎ ሊሆን ይችላል፣ በየአምስት ስድስት ሰው ውጪ ተመልከቱ። በሁለት ሺህ ሀያ አራት መጀመሪያ፣ ጃንዋሪ 2 ሃኔዳ ላይ የጃፓን ኤርላይንስ ኤ350 ሲቃጠል ከ8 በር የተጠቀሙት 3ቱን ብቻ ነው፣ ስፒከሩ አልሰራም ነበር፣ በሜጋፎንና በጉሮሯቸው ነው ያዘዙት፣ ከኋላ ያሉት ክሩዎች ደግሞ ኮክፒትን ማግኘት ስላልቻሉ አንዱን በር ራሳቸው ወስነው ከፈቱ። 379 ሰው በሙሉ ወጣ። አብዛኛው ሰው የሚያወራው ስለ ተሳፋሪዎቹ ስነ ስርዓት ነው፣ ልክ ነው፣ እኔ ግን ሁሌ የሚገርመኝ ያልከፈቷቸው 5 በሮች ናቸው። እያንዳንዱ ላይ ሰው ቆሞ ውጪ አይቶ "አይሆንም" ብሎ ወስኗል።

ሰው ሲያልቅ በጭሱ ውስጥ እስከቻላችሁ ድረስ ረድፎቹን እዩ፣ "ሰው አለ?" እያላችሁ። ማየት ካልቻላችሁ ወይ ጭሱ ከያዛችሁ ውጡ። ባትሪ፣ ሜጋፎንና የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን ቅርብ ከሆነ ያዙ።

ውሃ ላይ ከሆነ

ላይፍ ጃኬት ውስጥ ይለበሳል፣ የሚነፋው በሩ ላይ ነው። በ1996 የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 961 ኮሞሮስ ጋ ውሃ ላይ ሲወድቅ 175 ሰው ነበረበት፣ 125 አለቀ፣ ከነሱ ውስጥ ብዙዎቹ ከምቱ ተርፈው ጃኬቱን ውስጥ በመንፋታቸው ነው የተያዙት፣ ውሃው ሲገባ ጃኬቱ ወደ ጣሪያ አነሳቸውና ጠልቀው ወደ በሩ መሄድ አልቻሉም። ይሄን ለተሳፋሪ ስትነግሩ "አይንፉ" ብላችሁ ብቻ አትለፉ፣ ለምን እንደሆነ በአንድ ቃል ጨምሩ፣ ምክንያቱን የሰማ ሰው እጁን ይይዛል። የኋላ በሮች ከውሃ በታች ሊሆኑ ስለሚችሉ ሳታዩ አትክፈቱ፣ በ2009 ሃድሰን ወንዝ ላይ ከተሰበረው የኋላ አካል ሌላ ከኋላ ትንሽ የተከፈተ በርም ውሃ አስገብቷል፣ እዛ 155ቱም ሰው ተርፏል።

መሬት ላይ ከወረዳችሁ በኋላ

ሰዉን ከነፋሱ በተቃራኒ፣ ጭሱ ከማይደርስበት፣ ከአውሮፕላኑ ቢያንስ 100 ሜትር አርቁ፣ ከሚመጣው የእሳት አደጋ መኪና መንገድም አውጧቸው። ሲጋራ አይለኮስ፣ ማንም ለሻንጣ ወይ ለሰው ብሎ እንዳይመለስ፣ ይሄን የምትከለክሉትም በዛው በጩኸት ድምፅ ነው። አንድ ቦታ ሰብስቡ፣ ቁጠሩ፣ የጎደለ ካለ ለእሳት አደጋ ሰዎቹ የት ረድፍ እንደነበረ ንገሩ። የማይተነፍስና ምት የሌለው ካለ 30 ግፊት 2 ትንፋሽ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ግፊት፣ እየተቀያየራችሁ፣ ሁለት ደቂቃ ላይ ሰው ይደክማል።

ድምፃችሁን ዝቅ ማድረግ የምትችሉት እዚህ ነው። ያቺን ሁለት ልጅ የያዘች እናት ፈልጓት፣ የገፋችሁትን ሽማግሌም "አባቴ፣ እጅዎን ተጎዱ?" በሉት። ከዛ ከሰው ጋር ስለነገሩ ከማውራታችሁ በፊት ብዕር ተቀበሉና ሰዓቱን፣ የትኛው በር እንደተከፈተ፣ ስላይዱ እንዴት እንደሆነ፣ ካፒቴኑ ምን እንዳለ፣ እናንተ ምን እንዳላችሁ ያስታወሳችሁትን ሁሉ ጻፉ፣ ከጓደኛችሁ ጋር ሳታመሳስሉ፣ ስማችሁንም ከስሩ።